የውጭውን የኦቨርዶዝ ፖስተር ተርጉሞ መለጠፍ ይበቃል? (ትራማዶል፣ ደሴ)

ጦሳ_ሥር፦

ሰላም ለቤቱ። ደሴ ላይ ለሁለት ቅሬዎች (እድሮች) እና ለጥቂት መቃሚያ ቤቶች የሚለጠፍ አንድ ገጽ እያሰናዳን ነው። ትራማዶል የሚባለውን የሕመም ማስታገሻ ከልክ በላይ የወሰደ ሰው ድንገት ሲዝል አጠገቡ ያለው ምን ያድርግ የሚል። መነሻ ያደረግነው ከሰሜን አሜሪካ የተገኘ ፖስተር ሲሆን አራት መስመር ብቻ ነው፦ ብሌኑን እይ፣ እንደ መርፌ ጫፍ ከጠበበ ኦፒዮይድ (የሞርፊን ዓይነት መድኃኒት) ነው፤ ናሎክሶን (የኦፒዮይድ ማርከሻ) አፍንጫው ውስጥ ንፋ፤ አምቡላንስ ጥራ፤ በጎኑ አስተኛው።

እነሱ ዘንድ ሰው የሚገድለው ፈንታኒል ነው፣ ከሞርፊን ከ50 እስከ 100 እጥፍ የሚበረታ። እዚህ ግን ነገሩ ባለ 50 ሚሊግራም ካፕሱል ነው፤ ከበርጫ ጋር ይዋጣል፣ ማታ ለጨብሲ አረቄ ይከተላል። በአፍንጫ የሚነፋው ናሎክሶን በጠየቅናቸው መድኃኒት ቤቶች የለም።

ጥያቄዬ፦ ምልክቶቹ አንድ ናቸው? ናሎክሶን የሌለው ሰው በእጁ ምን አለው? ሲንቀጠቀጥስ? ደግሞ ለራሱ ለወሳጁ የሚሆን ሦስት አራት መስመር እንፈልጋለን፣ ሳይሰድብም ሳይጋብዝም።


ሲስተር_ቧንቧ_ውሃ፦

እንዳለ አትለጥፉት። ቅደም ተከተሉ ለእናንተ የተገላቢጦሽ ነው።

ከብሌኑ ልጀምር። ሞርፊንና ሄሮይን ብሌን ያጠባሉ። ትራማዶል ግን ግማሽ ጎኑ ብቻ ነው ኦፒዮይድ፤ በሌላው ጎኑ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉትን የአንጎል ኬሚካሎች ከፍ ያደርጋል። በዚያ ላይ ጫት ብሌን ያሰፋል። ሲቅም የዋለ ሰው ብሌኑ መካከለኛ ወይም ሰፊ ሆኖ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። «ዓይኑ ደህና ነው» ብሎ የሚተወው ሰው እንዳይኖር ብሌኑን ከራስጌ አውርዱትና ትንፋሽን አስቀድሙ።

ትንፋሽ መቁጠር ማንም ይችላል። እጅን ደረቱና ሆዱ መገናኛ ላይ ማሳረፍ፣ የስልኩን ሰዓት እያዩ 30 ሴኮንድ መቁጠር፣ በሁለት ማባዛት። ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል። ከ12 ከወረደ አይለዩት፤ 8 ከደረሰ ወይም በሁለት ትንፋሽ መካከል 10 ሴኮንድ ካለፈ ቆጠራው ይብቃ፣ ሥራ ይጀመር። ጨርሶ የማይተነፍስ ከሆነማ 30 ሴኮንድ መጠበቅ ራሱ ጥፋት ነው።

ብዙ ሰው የሚሞተው በዚህ ነው፦ ማንኮራፋት። ጉሮሮው ውስጥ ውሃ ያለ ይመስል እየተንኮሮኮረ የሚያንኮራፋ ሰው ጥሩ እንቅልፍ የወሰደው ይመስላል፤ ብርድ ልብስ ያለብሱትና መብራት ያጠፉለታል። ያ ድምፅ ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ የአየር መንገዱን እየዘጋ መሆኑን ነው የሚናገረው። ከወትሮው በተለየ የሚያንኮራፋን ሰው ቀስቅሱት። በስሙ ጮክ ብላችሁ ጥሩት፣ ትከሻውን ቆንጥጡት፣ ካልነቃ በጣታችሁ አንጓ የደረቱን መሃል አጥንት ጠበቅ አድርጋችሁ እሹት። የሚያጉረመርምና እጃችሁን የሚገፋ ሰው ጊዜ አለው። ዝም ካለ የለውም።

«ከንፈሩ ሰማያዊ ሲሆን» የሚባለውም የነጭ ቆዳ ምልክት ነው። የእኛ ሰው ላይ የከንፈሩን ውስጥ ገልብጣችሁ፣ ድዱንና የጥፍሩን ሥር እዩ፤ አመድማ ይሆናል።

አሁን በእጅ ያለው ነገር። ኦፒዮይድ የሚገድለው አንጎል «ተንፍስ» ማለቱን ሲረሳ ነው፤ ልብ መጀመሪያ ላይ እየመታ ነው። ስለዚህ ሌላ ሰው ከተነፈሰለት ይቆያል። አሠራሩ ይህ ነው፦

በጀርባው መሬት ላይ ይተኛ፤ አልጋና ፍራሽ ለስላሳ ስለሆነ አይመችም። አፉ ውስጥ ያለውን ጉንጭ ሙሉ ጫት በጣት ጠርጋችሁ አውጡ፤ ይህን የውጭ ፖስተር አይጽፈውም፣ መቃሚያ ቤት ውስጥ ግን መጀመሪያ የሚያንቀው እሱ ነው። ጥርሱን ከነከሰ ወይም እየተንቀጠቀጠ ከሆነ ጣት አይገባም። ግንባሩን በአንድ እጅ ወደ ኋላ ገፋ፣ አገጩን በሌላው ወደ ላይ። አንዳንዴ ይኼ ብቻውን ትንፋሹን ይመልሰዋል። ካልመለሰ አፍንጫውን ቆንጥጣችሁ አፉን በአፋችሁ ዝጉና ደረቱ ከፍ እስኪል ድረስ አንድ ሴኮንድ ያህል ንፉ። በየ5 ሴኮንዱ አንድ። ደረቱ ካልተነሣ የአንገቱ አቀማመጥ ነው የተሳሳተው፣ አስተካክሉና ድገሙ። በኃይል መንፋት አየሩን ጨጓራ ውስጥ ይከተዋል፣ ከዚያ ያስመልሰዋል። የሚቀፈው ሰው ስስ ነጠላ ወይም ሻሽ አንድ እጥፍ ጣል አድርጎ ይንፋ።

ምንም ሕይወት ከሌለው፣ ማለትም ሳል፣ ንቅናቄ፣ ትንፋሽ የሚባል ነገር ካጣችሁ ደረት መጫን ይጨመር። 30 ጊዜ መጫን፣ 2 ጊዜ መንፋት፤ የደረቱ መሃል ላይ፣ 5 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ታች፣ በደቂቃ ከ100 እስከ 120 በሚሆን ፍጥነት። ሁለት ሰው ካለ በየሁለት ደቂቃው ተቀያየሩ፤ ከዚያ በላይ ክንድ አይበረታም።

ራሱ በደንብ እየተነፈሰ ግን ካልነቃ በጎኑ ይተኛ፣ የላይኛው ጉልበት ታጥፎ፣ እጁ ጉንጩ ሥር። ብቻውን አይተውም። «ትንሽ ልለየውና ልመለስ» የሚባል ነገር የለም።

የማይደረገው፦ ቀዝቃዛ ውሃ መድፋት፣ ወተት፣ ሎሚ፣ ጨው የበዛበት ቡና። ራሱን የሳተ ሰው አፍ ውስጥ የሚገባ ፈሳሽ ሁሉ ሳንባ ውስጥ ነው የሚወርደው። ለማስመለስ ጣት ጉሮሮው ውስጥ መክተትም አይደረግም። ሆስፒታል ለተመረዘ ሰው የሚሰጠው ከሰል ደግሞ የምድጃ ከሰል አይደለም፤ የምለው ያለ ምክንያት አይደለም።


ፋርማሲ_ኮምቦልቻ፦

ሲስተር እጅሽ ይባረክ። ስለ መድኃኒቱ እኔ ልጨምር።

ሐኪም ለአዋቂ የሚያዘው ከ50 እስከ 100 ሚሊግራም በየ4 እስከ 6 ሰዓቱ ነው፤ የቀኑ ጣሪያ 400 ሚሊግራም። ከጣሪያው በላይ ሲወጣ የሚጥል ዓይነት መንቀጥቀጥ የማምጣቱ ዕድል ይጨምራል። ግን ጣሪያው ሥር ያለም አይተማመን። አሚትሪፕቲሊን ወይም ፍሉኦክሰቲን (የድብርት መድኃኒቶች) አብሮ የሚወስድ፣ ጭንቅላቱን የተጎዳ፣ ድሮም የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው በመደበኛው መጠን ሊንቀጠቀጥ ይችላል። አሚትሪፕቲሊን ለነርቭ ሕመም ስለሚታዘዝ ሁለቱ አንድ ከረጢት ውስጥ መገኘታቸው ብርቅ አይደለም፤ በተለይ በ2014 ዓ.ም. ጦርነት ቆስለው ሕመሙ ከአጥንታቸው ያልወጣ ሰዎች ዘንድ። እነሱን «ለደስታ ነው የሚወስዱት» ማለት ነውር ነው።

የመደጋገሙ ነገር ዋናው ወጥመድ ይመስለኛል። ተራው ካፕሱል ደም ውስጥ ጣሪያው ላይ የሚደርሰው በ2 ሰዓት ገደማ ነው። ሰውዬው ይውጣል፣ 40 ደቂቃ ይጠብቃል፣ «ይኼስ ፌክ ነው» ይላል፣ ይደግማል። ሁለቱ ዶዞች ኋላ ላይ ይገናኛሉ። ቀስ እያለ እንዲለቅ የተሠራው ደግሞ፣ ባለ 100 እና ከዚያ በላይ የሆነው ረጅም ጊዜ የሚቆይ ፍሬ፣ ጣሪያው የሚደርሰው ከብዙ ሰዓት በኋላ ነው። ያንን ማኘክ ወይም መፍጨት የ12 ሰዓቱን መጠን ባንዴ መልቀቅ ነው።

ጫትና ትራማዶል አብረው የሚጎዱበት መንገድ አለ። ምርቃናው ድብታውን ይሸፍነዋል፤ ሰውዬው ንቁ ስለሆነ መጠኑ የበዛ አይመስለውም። ጫቱ ግን ቀድሞ ከሰውነት ይወጣል። ትራማዶል ግማሹ ለመውጣት 6 ሰዓት ያህል ይፈጃል። ምርቃናው ሲወርድ ሽፋኑ ይገፈፋል፣ ልክ በዚያ ሰዓት ጨብሲው ይመጣል። አረቄ በላዩ ሲገባ ሁለቱም ትንፋሽን ይጫናሉ። በላዩ ዳያዜፓም (የማረጋጊያና የእንቅልፍ ኪኒን) ከተጨመረ ሦስት ሆኑ። ስለዚህ ቀን ቀን መቃሚያ ቤት ውስጥ የሚታየው መንቀጥቀጡ ነው፤ ትንፋሽ ማጠሩ ሌሊት፣ ቤት፣ አልጋ ላይ ነው። ፖስተሩ ለቤተሰብ መድረስ ያለበትም ለዚህ ነው።

ሌላው የእኛው ጉዳይ የዘር ውርስ ነው። ጉበት ውስጥ ትራማዶልን ወደ በረታ ኦፒዮይድ የሚለውጥ ሲዋይፒ2ዲ6 የሚባል ኢንዛይም አለ። እ.ኤ.አ. በ1996 በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶው የዚህን ዘረ መል ትርፍ ቅጂ ይዘው ተገኝተዋል፤ በስካንዲኔቪያ ቁጥሩ 1 እና 2 በመቶ ነው። ኮዴይንም ወደ ሞርፊን የሚለወጠው በዚሁ ኢንዛይም ነው፤ ሀገራችን ኮዴይንን ያገደችው በዚህ ምክንያት ነው። ትርጉሙ ቀላል ነው፦ «ጓደኛዬ አምስት ወስዶ ምንም አልሆነም» የሚለው ለሌላው ሰው መለኪያ አይሆንም። የምታጠባ እናት ደግሞ ጨርሶ አትውሰድ፣ ወደ ወተቱ ይገባል።

ከፓራሲታሞል ጋር የተደባለቀውን ለዩልኝ። አንዱ ፍሬ 37.5 ሚሊግራም ትራማዶል ከ325 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ጋር ነው። 20 ፍሬ የዋጠ ሰው 6,500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል ዋጠ፤ የቀኑ ጣሪያ 4,000 ነው። ከእንቅልፉ ነቅቶ በልቶ ስቆ፣ በሁለተኛው ሦስተኛው ቀን ጉበቱ ይጎዳል። ማርከሻው፣ አሲቲልሲስቲን፣ ከዋጠ በ8 ሰዓት ውስጥ ሲጀመር ነው በደንብ የሚሠራው። ስለዚህ ስትሪፑን፣ ባዶም ቢሆን፣ ከሰውዬው ጋር ወደ ሆስፒታል ላኩ።


አዝዋ_ገደል፦

ልጆች፣ ድካማችሁን አልንቅም። ግን መቃሚያ ቤት ግድግዳ ላይ የትራማዶል መጠን ስትለጥፉ ለማያውቀው ማስተማር አይሆንም? ቅሬው ቢመክር፣ ሸሁም ቄሱም ቢገሥፁ አይሻልም ወይ። ወሎ በምክር የኖረ አገር ነው።


ሐይቅ_ዳር፦

ጋሼ፣ ምክሩ ይቀጥል፤ ወዳጃውም ጠበሉም የሚያጽናናው ሰው አለ። በአንድ ነገር ግን እውነትዎን ነው፦ የመጠን ቁጥር ግድግዳ ላይ አይጻፍ። ያ ለመድኃኒት ቤትና ለሐኪም ነው። ግድግዳው ላይ የሚጻፈው ትንፋሽ መቁጠርና መንፋት ነው፤ ያንን ያወቀ ሰው «እንግዲያው ልዋጥ» አይልም። የዓለም ጤና ድርጅትም እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ ከሐኪም ይልቅ ቀድሞ የሚደርሰውን፣ ጓደኛንና ቤተሰብን፣ አሠልጥኑ ነው ያለው።

ስለ ግሣፄው ግን አንድ ነገር ልበል፣ አይቀየሙኝ። «ሱሰኛ» ተብሎ በቅሬ ፊት የተዋረደ ሰው አይተውም፣ ይደበቃል። ተደብቆ የሚወስድ ሰው ብቻውን ነው የሚወስደው፤ ብቻውን የወሰደ ሰው ሲያንኮራፋ የሚሰማው የለም። ርኅራኄው እዚህ ላይ ከስሜት አልፎ ስሌት ይሆናል።

ከሁሉ በላይ መጻፍ ያለበት፣ ማንም ያላነሳው፣ የማቋረጡ ጉዳይ ነው። ኦፒዮይድ ሰውነት ይለምደዋል፤ በየቀኑ የሚወስድ ሰው ለሌላው የሚያሰጋውን መጠን ይሸከማል። ያ ልማድ ግን በቀናት ውስጥ መቀነስ ይጀምራል። ሁለት ሱባኤ ጠበል የቆየ፣ ረመዳንን ሙሉ የተወ፣ ታስሮ የወጣ፣ ሆስፒታል ተኝቶ የተመለሰ፣ ከሳዑዲ እስር ቤት ወደ ቤቱ የተመለሰ ልጅ፣ ሁሉም ልማዳቸው ወርዷል። ተመልሶ የድሮውን መጠን የወሰደ ሰው አዲስ ጀማሪ ነው። ስለዚህ ቤተሰብ «ተመስገን ተወው» ብሎ ዓይኑን የሚያነሳበት ሳምንት ዋናው የአደጋ ሳምንት ነው። ልጁን ስትቀበሉት «ብትመለስበት እንኳ ብቻህን አትሁን፣ ከድሮው ሩብ እንኳ አትለፍ፣ ከመጠጥ አትደባልቅ» ማለት ፈቃድ መስጠት አይደለም።

ባንዴ ማስተውም ችግር አለው። በሰንሰለት አስሮ፣ ክፍል ዘግቶ ማስተው የሚሞክሩ አሉ። ትራማዶል ሲቋረጥ ሐራራው ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ይጀምራል፦ ላብ፣ ተቅማጥ፣ የእግር መቁለጭለጭ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ አጥንት የሚገባ ብርድ። በሁለተኛና በሦስተኛው ቀን ይበረታል፣ ከሳምንት በኋላ ይለቃል። ከሄሮይን የሚለየው አንዳንዱ ሰው ብርቱ ፍርሃት፣ ግራ መጋባት፣ የሌለ ነገር ማየት ስለሚጨመርበት ነው፤ ያ የሴሮቶኒኑ ጎን ነው። ቤተሰብ «ጂን ነው» ይላል። የሚሻለው በሐኪም እየታዩ ቀስ ብሎ መቀነስ ነው፤ በቀን 400 የሚወስድ ሰው በየአንድ ወይም ሁለት ሳምንቱ 50 እየቀነሰ፣ ወደ መጨረሻው ይበልጥ እየዘገየ። የተንቀጠቀጠ ታሪክ ያለው ሰው የራሱን ዕቅድ ቤት ውስጥ አያውጣ፤ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ያለው ሆስፒታል ይሂድ።


ጦሳ_ሥር፦

ጋሼ አዝዋ፣ ቁጥሮቹን ከግድግዳው አውጥተናል፣ ለመድኃኒት ቤቶች ብቻ በተለየ ወረቀት ይሄዳሉ። ሲስተር፣ መንቀጥቀጡን አልነካሽውም። መቃሚያ ቤት ውስጥ ክብሪት ጭረው ነው የሚያሸቱት።


ሲስተር_ቧንቧ_ውሃ፦

ክብሪቱን ተዉት፣ ሽንኩርቱንም። ጭሱ ምንም አያቆምም፣ ፂሙን ያቃጥለዋል እንጂ።

የትራማዶል መንቀጥቀጥ አብዛኛውን ጊዜ አጭር ነው፣ ከአንድ እስከ ሁለት ደቂቃ፤ የሚመጣውም በአብዛኛው ከተወሰደ በኋላ ባሉት 6 ሰዓታት ውስጥ ነው። ሥራው ሰዓት ማየት ነው። ጋያውን፣ ብርጭቆውን፣ ከሰል ያለበትን ማንደጃ ከአጠገቡ አንሱ፤ ጭንቅላቱ ሥር ጃኬት አድርጉ፤ እጅ እግሩን አትያዙ፤ ጥርሱ መሃል ማንኪያ አትክተቱ። ሲቆም ወዲያው በጎኑ፣ ከዚያ ትንፋሽ ቁጠሩ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ መንቀጥቀጡ ሲቆም «አለፈ» ይባላል፤ ትንፋሹ የሚደክመው ግን ከዚያ በኋላ ሊሆን ይችላል። ከ5 ደቂቃ ካለፈ፣ ወይም ሳይነቃ ሁለተኛ ከመጣ፣ ያለ ምንም ክርክር ሆስፒታል።

ለድንገተኛ ክፍል ባልደረቦች ብቻ፦ ናሎክሶን መንቀጥቀጡን አያቆምም፤ ዳያዜፓም ነው የሚያቆመው። ዳያዜፓም ደግሞ ትንፋሽ ይቀንሳል፣ ስለዚህ አምቡ ባጉ (በእጅ የሚጨመቀው የትንፋሽ መስጫ ከረጢት) ተገጣጥሞ እጅ ላይ ይሁን። ፔቲዲን የሚባለው ሌላው ኦፒዮይድም እንዲሁ ነው፤ ተረፈ ምርቱ ያንቀጠቅጣል፣ ናሎክሶን አይደርስበትም። የጣት ኦክስጅን መለኪያን ብቻ አትመኑ፦ ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ጤነኛውም ከባሕር ጠረፍ ሰው ዝቅ ይላል፣ ኦክስጅን የተደረገለት ሰው ደግሞ ትንፋሹ 6 ሆኖ ቁጥሩ ያማረ ሊመስል ይችላል። ትንፋሹን በዓይን ቁጠሩ።


የወሎ_ልጅ_ቶሮንቶ፦

ስለ ናሎክሶን። አዲስ ነገር አይደለም፤ አሜሪካ የፈቀደችው እ.ኤ.አ. በ1971 ነው፣ ከ1983 ጀምሮ የዓለም ጤና ድርጅት መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ አለ። እዚህ ኦንታሪዮ ከ2016 ጀምሮ መድኃኒት ቤት በነፃ ይሰጣል። እንኳን መርፌው፣ በአፍንጫ የሚነፋውም ማንም ሰው ቦርሳው ውስጥ የሚይዘው ነው። ሱስ አያስይዝም፣ ኦፒዮይድ በሌለበት ሰውነት ውስጥ የሚያደርገው ነገር የለም።

ርካሹና ለሀገር ቤት የሚቀለው አምፑሉ ነው፦ 0.4 ሚሊግራም በ1 ሚሊሊትር። የሠለጠነ ሰው የአምፑሉን አንገት ሰብሮ፣ አንዱን ሚሊሊትር ሙሉ በሲሪንጅ ስቦ፣ የጭኑን ውጫዊ መሃል ቀጥ አድርጎ ይወጋል፤ በልብስ ላይም ይቻላል። 2 ወይም 3 ደቂቃ እየነፉለት ይጠበቃል። ትንፋሹ ካልተመለሰ ሁለተኛው። የሚፈለገው ትንፋሹ እንዲመለስ ነው፣ ዘሎ እንዲቀመጥ አይደለም። ልማድ ላለው ሰው ብዙ ከተሰጠ ሐራራው ባንዴ ይነሣበታል፤ እያስመለሰ፣ እየተሳደበ ይነሣል፣ ከዚያ «ደህና ነኝ» ብሎ ይሄዳል። ናሎክሶኑ ከ30 እስከ 90 ደቂቃ ነው የሚቆየው። ትራማዶሉ ግን ገና አለ። ተመልሶ መተኛት የሚመጣው ያኔ ነው። የማይሄድ፣ አብሮት ሁለት ሰዓት የሚቀመጥ ሰው ያስፈልጋል፤ ቀስ እያለ የሚለቀው ፍሬ ከሆነ ደግሞ ሌሊቱን ሆስፒታል።

አንድ የማስጠንቀቂያ ቃል፦ ለትራማዶል ናሎክሶን በከፊል ነው የሚሠራው፣ የኦፒዮይድ ጎኑን ብቻ ስለሚዘጋ። አንቀጥቃጭ ጎኑ እንዳለ ነው። እናንተ ጋ ፖስተሩ መንፋትን ማስቀደሙ ትክክል የሚሆነው ናሎክሶን ስለሌለ ብቻ አይደለም።


ባቲ_ሰኞ፦

አንድ ነገር ብቻ። ገጠር ቀበሌ ካደረሳችሁት ብሌኑ የጠበበ ሰው ሁሉ ትራማዶል አይደለም። ማላታይን ወይም ሌላ የተባይ መድኃኒት የጠጣም ብሌኑ እንደ መርፌ ጫፍ ነው። ልዩነቱ እርጥበቱ ነው፦ አፉ ይንዠቀዠቃል፣ ዓይኑ ያለቅሳል፣ በላብ ይጠመቃል፣ ያስቀምጠዋል፣ ልብሱና ትንፋሹ ኬሚካል ይሸታል። ኦፒዮይድ የወሰደ ግን አፉ ደረቅ ነው። እንዲህ ያለ ሰው አፉን በአፍ አይነፋም፣ መርዙ ለእናንተም ይተርፋል፤ ልብሱን አውልቁ፣ በጎኑ አድርጉ፣ ወደ ሆስፒታል ሩጡ። ማርከሻው አትሮፒን ነው፣ ናሎክሶን አይደለም።


ጦሳ_ሥር፦

ይኼን ብታዩልኝ። ግድግዳው ላይ የሚሆነው፦

«ሲያንኮራፋ ቀስቅሰው። ካልነቃ ትንፋሹን ቁጠር። በ30 ሴኮንድ 4 ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ወይም ከቆመ፦ ጫቱን ከአፉ አውጣ፣ አገጩን አንሣ፣ በየ5 ሴኮንዱ አንድ ጊዜ ንፋለት። ሌላው ሰው ይደውል፦ 907። ከተንቀጠቀጠ አትያዘው፣ ሲቆም በጎኑ። ውሃ፣ ወተት፣ ክብሪት የለም። የዋጠበትን ስትሪፕ አብረህ ላክ። አትለየው።»

ለወሳጁ፦ «ብቻህን አትውሰድ። ከአረቄ፣ ከእንቅልፍ ኪኒን ጋር አትደባልቅ። አልያዘኝም ብለህ ቶሎ አትድገም። ከጠበል፣ ከእስር፣ ከሆስፒታል ከተመለስክ ሰውነትህ የድሮው አይደለም።»


ሲስተር_ቧንቧ_ውሃ፦

ጥሩ ነው። ሦስት ነገር አርሙ። «ሌላው ሰው ይደውል» ከሚለው ይልቅ ስም ጥሩ፦ «አንተ ደውል» እየተባለ በጣት ይጠቆም፤ አሥር ሰው ባለበት ቤት ማንም አይደውልም። የሚደውለው ሰው መጀመሪያ የሚለው «መተንፈስ አቁሟል» እና የሰፈሩን ምልክት ነው፤ ማን ሸጠው፣ ከየት አመጣው የሚለው ለአምቡላንስ አያስፈልግም። ምን እንደዋጠ ግን አይደበቅ።

ሁለተኛ፣ 907 የቀይ መስቀል ነው፤ ከሱ ሥር የወረዳችሁን አምቡላንስ ሹፌር ስልክ ጨምሩ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ዘንድ አለ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፣ ቁጥሩ በዚያ ሌሊት አይፈለግም። አምቡላንስ ከሌለ ባጃጅ አትምረጡ፤ ተቀምጦ አንገቱ የሚደፋ ሰው መንገድ ላይ ይታፈናል። ሚኒባስ ፈልጉ፣ ወለሉ ላይ ተጋድሞ አንድ ሰው ራስጌው ላይ እየነፋለት ይሂድ።

ሦስተኛ፣ ከመለጠፋችሁ በፊት ወደምትልኩት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሄዳችሁ ናሎክሶን አምፑል ስንት እንዳለ፣ ሌሊት ቁልፉ ማን ጋ እንደሆነ ጠይቁ። ማደንዘዣ ክፍል ውስጥ ተቆልፎ ካደረ የለም ማለት ነው።


ጦሳ_ሥር፦

የመጨረሻውን አላሰብነውም ነበር። ማክሰኞ እንሄዳለን። የሹፌሩ ስልክ በየጊዜው ይቀየራል ይላሉ፣ ምን እናድርግ?


ሲስተር_ቧንቧ_ውሃ፦

አታሳትሙት። ቦታውን ባዶ ተዉና በእርሳስ ጻፉት። የቅሬው ጸሐፊ በየወሩ መዋጮ ሲሰበስብ ደውሎ ያረጋግጥ።